የበግ መድኃኒት ለውሻና ለድመት፦ በወረዳ ክሊኒክ ውስጥ ራስን የማሠልጠን አካሄድ

በሰሜን ሸዋ የእንስሳት ክሊኒክ ደጅ ላይ በብዛት የሚታየው በግ፣ ከብትና ጋማ ከብት ነው። ውሻና ድመት ሲመጡም ከመደርደሪያው የሚወርደው ያው ለበግ የተገዛው ጠርሙስ ነው። መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ መጠኑ ይገድላል፤ ወይም ለውሻ የሚስማማው ለድመት መርዝ ይሆናል። ስለዚህ የሥራ ላይ ሥልጠናው ከዚያው ከመደርደሪያው ይጀምር። ገበያ በማይውልበት ቀን፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሐኪሙ፣ ረዳቱና መድኃኒት የሚያድለው ሰው አብረው ይቀመጡ፤ ብዙው ስህተት የሚፈጠረው አንዱ የተናገረውን ሌላው ሲቀዳ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን። 300 ኪሎ በሬን 330 ነው ብሎ መገመት የሚያስከትለው ስህተት አንድ አሥረኛ ነው። 2 ኪሎ ቡችላን 4 ኪሎ ማለት ግን መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። ትልቅ ውሻ ከሆነ ታቅፋችሁት ሰው መመዘኛ ላይ ቁሙ፤ ከዚያ ብቻችሁን ቁሙና ቀንሱ። ቡችላና ድመት ግን በካርቶን ተደርገው በሱቅ ሚዛን ይመዘኑ፣ የሰው ሚዛን ለእነሱ አይታመንም።

ከዚያ አይቨርሜክቲን፣ ማለትም የትልና የእከክ መድኃኒቱ። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ለእሱ ቢውል አይበዛበትም። 1 በመቶ የሚለው ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይዟል። እከክ ለያዘው 4 ኪሎ ቡችላ በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ስንሰጥ የሚያስፈልገው 0.8 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.08 ሚሊ ሊትር ነው። ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አንሡና ብርሃን ላይ ያዙት፤ የመጀመሪያዋ ጭረት 0.2 ናት። የምንፈልገው ከእሷ ግማሽ እንኳ አይሞላም። "ትንሽ ነገር" ተብሎ እስከ ጭረቷ ከተቀዳ ቡችላው ሁለት ተኩል እጥፍ ይወስዳል፤ 1 ሚሊ ሊትር ከተሰጠው ደግሞ አሥራ ሁለት እጥፍ ያልፋል።

መፍትሔው የኢንሱሊን ሲሪንጅ ነው፣ ግን ጽሑፉን አንብቡ። 100 ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር የሚለው ከሆነ 0.08 ሚሊ ሊትር 8 ዩኒት ነው። 40 ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ ግን ያው መጠን 3 ዩኒት ከትንሽ ይሆናል፤ በዚህኛው 8 ዩኒት ከሳባችሁ መጠኑ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። መድኃኒቱን በውኃ ማቅጠን አይሠራም፣ አይቨርሜክቲን በውኃ ስለማይሟሟ ይረጋል። መርፌው ከቆዳ ሥር ይሰጥና በ14 ቀን ይደገማል። ከ6 ሳምንት በታች ላለ ቡችላም ሆነ ኮሊ ለሚባለው የበግ ጠባቂ ውሻ ወይም እሱን ለሚመስል ዝርያ አትስጡ፤ በእነዚህ ውሾች ላይ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው በር ጉድለት ሊኖርበት ይችላል። የመመረዝ ምልክቱ መንገዳገድ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ልሃጭ፣ አለማየት፣ ከዚያም ራስን መሳት ነው። ማርከሻ የለውም። ማሞቅ፣ ፈሳሽ መስጠትና በየ4 ሰዓቱ ጎኑን መገልበጥ ነው ያለው፤ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ ተስፋ አትቁረጡ።

ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም። ይህን ለማስረዳት ፓራሲታሞልን የሚያህል ምሳሌ የለም። የድመት ጉበት መድኃኒቱን አጣምሮ የሚያስወጣበት ኢንዛይም በቂ ስላልሆነ፣ የተረፈው የደሟን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ወደማይሸከም ዓይነት ይለውጠዋል። ለራስ ምታት የሚዋጠው አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ለ4 ኪሎ ድመት በኪሎ 125 ሚሊ ግራም ማለት ነው፣ ይገድላታል። በሰዓታት ውስጥ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ነው፦ መጀመሪያ በኪሎ 140 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 70። ባለቤቱን "ምን ሰጠሃት?" ብቻ ሳይሆን "ቤት ውስጥ ምን ክኒን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ በደግነት የሰጠ ሰው መድኃኒቱን እንደ ጥፋት ስለማይቆጥረው አይናገርም።

ሁለተኛው አደጋ ለበግ መንከሪያ የተገዛውን የተባይ መርዝ ዳያዚኖንን ለቁንጫ ተብሎ ድመት ላይ ማፍሰስ ነው። ልሃጭ፣ መንቀጥቀጥና የጠበበ ብሌን ካያችሁ በሳሙና እጠቧትና ማርከሻውን አትሮፒን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ስጡ፣ ሩቡን በደም ሥር፣ የቀረውን ከቆዳ ሥር። አንድ ሚሊ ሊትሩ 1 ሚሊ ግራም ከያዘ ለ4 ኪሎ ድመት 0.2 እና 0.6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የምትከተሉት ትንፋሿንና ልሃጯን ነው፣ ብሌኗን አይደለም።

ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ትውከት የያዘው ያልተከተበ ቡችላ ሲመጣ መጀመሪያ አንጀት የሚያጠቃውን የቫይረስ በሽታ፣ ፓርቮን፣ ጠርጥሩ። የሚያድነው ከሁሉ በላይ ፈሳሽ ነው፣ ሒሳቡም መለማመድ ይፈልጋል። 5 ኪሎ ሆኖ የክብደቱን 10 በመቶ ያህል ፈሳሽ ካጣ የጎደለው 500 ሚሊ ሊትር ነው፤ የዕለት ፍላጎቱ በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 300 ይጨመራል። 800 ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 33 ገደማ ይመጣል። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት መስመር የሰዓቱን ቁጥር ለ3 ማካፈል ነው፤ በደቂቃ 11 ጠብታ። ለከብት እንደለመድነው መስመሩን ከፍቶ መልቀቅ ሳንባውን በውኃ ይሞላዋል።

ፈሳሹ፣ ሪንገር ላክቴት፣ በ24 ወይም በ22 ቁጥር ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚቀር ቀጭን ቱቦ) በፊት እግሩ ክንድ ላይ ይገባል። ረዳቱ ከክርኑ በታች ይዞ አውራ ጣቱን ወደ ውጭ ሲያዞር ደም ሥሩ ይነሣል። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርድ ፈሳሹ ሳይሞቅ መግባት የለበትም፤ የመስመሩን ጥቅል ለብ ባለ ውኃ ሳህን ውስጥ አሳልፉት። ክሊኒኩ ማታ የሚዘጋ ከሆነ ቀን በደም ሥር ሰጥታችሁ ለሌሊቱ በትከሻው መካከል ከቆዳ ሥር በአንድ ቦታ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ስጡት። በቆዳ ሥር ግሉኮስ አይሰጥም። አካሉ የቀዘቀዘ፣ የልብ ምቱ የደከመ ቡችላም ከቆዳ ሥር አይመጥጥም።

የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ፣ ማንም ሰው ውሻ ከመያዙ በፊት ራሱ ይከተብ። መንጋጋው ወርዶ ልሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ "አጥንት አንቆታል" ተብሎ ሲመጣ እጅ አፉ ውስጥ አይገባም፤ የሽባነቱ መልክ ይህን ይመስላል። በልሃጭ የተነካ ቁስል ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ሰውየውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰ ጤነኛ ውሻ ወይም ድመት ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። ከሞተ ጭንቅላቱ በሁለት ፌስታል ታሽጎ በበረዶ ይላክ፤ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ቫይረሱን በሚያበራ ቀለም ለሚለየው የፍሎረሰንስ ምርመራ አይመችም።

የእብድ ውሻ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ደጋ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጠርሙሱ በረዶውን ነክቶ ከቀዘቀዘም ይበላሻል፣ በመካከል ጨርቅ ይግባ። መጠኑ ለትልቁም ለትንሹም ያው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር። በመንዝ ጓሳ ዙሪያ የምትሠሩ ደግሞ በውሻ የሚተላለፈው ይኸው በሽታ ቀይ ቀበሮንም እንደሚገድል እወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ላይ የደረሰው እልቂት ከውሻ የተነሣ ነበር። ስለዚህ በዘመቻ ቀን ከእረኛ ጋር የወጡትን ውሾች ማታ ሲመለሱ ጠብቃችሁ ክተቡ፣ ከ3 ወር በታች ያሉ ቡችሎችንም አትለፉ፤ ስማቸውን ለይታችሁ መዝግቡና 3 ወር ሲሞላቸው ድገሙላቸው።