ሚኒሞው የሚዋዥቅ፣ ዳገት ላይ የሚታነቅ መኪና፦ የትሮትል ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን (የኔጋቲቭ ሽቦውን) ለኩ

ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ፊልትሮና ካንዴላ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክቱ እዚህ ደብረ ብርሃን ጋራዥ በየጊዜው የሚመጣው ነው። ቼክ ኢንጂን በርቷል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቅና ድንገት ይስባል። የምርመራ ማሽኑ ፒ0121 ወይም ፒ0123 የሚል የብልሽት ኮድ ያወጣል፣ ባለቤቱም ኮዱን ይዞ የትሮትል ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል።

መጀመሪያ ከፍታውን ለዩት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ያ ግን ወጥ ድካም ነው፣ አያንገጫግጭም። የሚያንገጫግጭ ከሆነ ቀጥሉ።

ሴንሰሩ የአየር ማስገቢያው ክዳን ምን ያህል እንደዞረ ለኮምፒውተሩ በቮልት ይናገራል። ሦስት ዋና ሽቦ አለው፦ 5 ቮልት፣ ማሳና ሲግናል። ክዳኑ ተዘግቶ ሲግናሉ በብዙዎቹ ከ0.5 እስከ 0.9 ቮልት ነው፣ ሙሉ ሲከፈት ወደ 4 ይጠጋል። የማየው ጥፋት በአብዛኛው ማሳው ላይ ነው። ማሳው ሲደክም ሲግናሉ ከፍ ይላል፣ ኮምፒውተሩም ክዳኑ ሳይከፈት የተከፈተ ይመስለዋል። ጨርሶ ሲቋረጥ ሲግናሉ ወደ 5 ቮልት ይወጣና ፒ0123 ይመጣል።

ማሳውን የሚያደክመው ላቫጆ ነው። ሞተር በከፍተኛ ግፊት ውሃ አታሳጥቡ! ውሃው የሶኬቱን ጎማ አልፎ ይገባል፣ በደብረ ብርሃን ብርድና በጣርማ በር ጉም ደግሞ አይደርቅም። አንድ ቪትዝ ሴንሰሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት፣ ሁለተኛው እንዲያውም ኦሪጅናል ተብሎ ተሽጦለት መጣ። ሶኬቱን ስነቅለው የማሳው ፒን ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል፣ ጎማው ደግሞ ጨርሶ የለም፤ አንዱ ቀያሪ ጥሎታል። ተጠርጎ፣ ጎማ ገብቶለት በዚያው ቀን ደብረ ሲና ወርዶ ያለ ችግር ተመለሰ። የከፈለበት ሴንሰር ሁሉ ደህና ነበር።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ቁልፉን ኦን አድርጉ። የቴስተሩን ቀይ ከሶኬቱ ጀርባ ማሳው ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበበ ሽቦው ወደ ኮምፒውተሩ ባለው መንገድ ታሟል። ከዚያ በታች ሆኖ ሲግናሉ ግን ከፍ ካለ ጥፋቱ ፒኖቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ቴስተሩን እያያችሁ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉ፣ ቁጥሩ ከዘለለ አገኛችሁት። በብዙ ቶዮታዎች የውሃ ሙቀት ሴንሰሩም ይህንኑ ማሳ ይጋራል። ማሽኑ ላይ ሞተሩ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ የሚያሳይ ከሆነ ብልሽቱ ከጋራው መገጣጠሚያ ወዲያ ስለሆነ ሶኬቱን ስትጠርጉ አትዋሉ።

ሽቦውን በመርፌ ወግታችሁ አትለኩ። ከአንድ ኮሮላ ያወጣሁት ሽቦ ከውጭ ጤነኛ ነበር፤ ልጣጩን ስከፍተው ከመርፌዋ ቀዳዳ ጀምሮ መዳቡ ጠቁሮ እንደ አመድ ይፈረፈራል። የታመመውን ቆርጣችሁ በሊድ በይዱ፣ በሙቀት የሚጨማደድ ጎማ አልብሱት። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም።

አውሮፕላንም የፍላፑንና የሞተር ጉልበት ማንሻውን አንግል የሚያውቀው በእንዲህ ያለ መለኪያ ነው። እዚያ በብዛት የሚገጠመው ግን ያለ ንክኪ፣ በጥቅልል ሽቦ የሚሠራ ስለሆነ እንደ መኪናው ሴንሰር ቮልቱ የሚነበብበት፣ የሚፋቅ የካርቦን መንገድ የለውም፤ ሲቀየርም ዜሮው በማስተካከያ ፒን ተይዞ ነው። አንድ የተሳሳተ አንግል ግን እዚያም አደገኛ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ከተነሳ በኋላ የግራው የነፋስ አንግል መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ገደማ ነበር። ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ የሚያወርድ ሲስተም የሚሰማው አንዱን ብቻ ስለነበር አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ፣ 157 ሰዎች አለቁ። የአዳዲሶቹ መኪኖች ነዳጅ መስጫ ሁለት ሲግናል ያለውም አንዱ ሌላውን እንዲመሰክርበት ነው። ሁለቱ ሲግናሎች አልተስማሙም የሚለው ፒ2138 ሲመጣ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ኮዱን የሚያጠፋ አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው መኪና አይንካ! ከጣርማ በር ቁልቁል ነዳጅ በራሱ ቢሰጥ ማን ይይዘዋል?

የካርቦን መንገዱ ያለቀ ሴንሰር አልፎ አልፎ ይገጥማል። ክዳኑን በቀስታ ስትከፍቱ ቮልቱ መነሻው አካባቢ ይዘላል፤ ይቀየራል።

አዲሱን ስትገጥሙ ብሎኖቹን አጥብቃችሁ አትሂዱ። ክዳኑ እንደተዘጋ ሴንሰሩን በትንሹ እያዞራችሁ የመኪናው ማኑዋል የሚለው ቮልት ላይ ስታደርሱት አጥብቁ፣ ከዚያ እንደገና ለኩ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ይንሸራተታል።