ደሴ ሆጤ ሜዳ የእግር ኳስ ጨዋታ ስታዩ ለተጫዋች ነጥብ አሰጣጥ

ነጥቡ ከ10 ነው፤ ሁሉንም ከ6 ጀምሩ። ለእያንዳንዱ የማልያ ቁጥር ደብተር ላይ አንድ መስመር ስጡ፦ ለተሳካ ቅብብል ጭረት፣ ለተነጠቀ ኳስ ኤክስ። በራሱ የግብ ክልል አጠገብ ከተነጠቀ ኤክሱን ክበቡት፤ ጎል የሚያስቆጥረው እንዲህ ያለ መነጠቅ ነው። ኳስ ብቻ የሚከተል ዓይን ተከላካይን ይበድላል። አንዱን መርጣችሁ 5 ደቂቃ ኳስ በሌለበትም ተከታተሉት፦ መስመሩን ጠብቋል? ኳስ ሳይደርሰው ዞር ብሎ አይቷል? ጎል አገባ ተብሎ ወዲያው 8 አይሰጥም፤ ቀሪውን ጨዋታ ከጠፋ 7 ይበቃዋል፣ እሱም ሲበዛ ነው። ያልተፈተነ በረኛ 6 ላይ ይቆይ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ዝቅ ካለችው ኮምቦልቻ የመጣ ተጫዋች ከእረፍት በኋላ ቢያለከልክ ሰነፍ ለማለት አትቸኩሉ። ተቀይሮ ገብቶ 15 ደቂቃ ላልሞላው ነጥብ አትስጡ።