መጋዙ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ሲያስቸግረኝ

የባሕር ዛፍ ግንድ በሞተር መጋዝ እየቆረጥኩ ነበር። ቀጥ ብሎ ይጀምርና መሃል ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሰንሰለቱን ሁለት ጊዜ ሞረድኩት። የግራና የቀኙ ጥርስ እኩል ነው፣ ስል ነው፤ ግን ወይ ፍንክች። ባሩም፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ በጣም ይግላል፤ እንጨቱን ያጠቁረዋል።

ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ ካንዴላውን ነቅዬ፣ ዳዶዎቹን ፈትቼ ባሩን አወጣሁት። ሰንሰለቱ የሚሮጥበት ቦይ ዘይት በጠጣ ሰጋቱራ ተጠቅጥቋል፤ እንደ ጭቃ ደርቋል። በቀጭን ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረግኩት። ዘይት የሚገባባት ትንሿ ቀዳዳም ድፍን ብላለች። በሽቦ ከፈትኳት። የሙቀቱ ምክንያት ይኸው ነበር።

መታጠፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባሩን በጠርዙ መስታወት ላይ ሳቆመው ዘመም አለ። ከቦዩ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ጠርዞች አንዱ ከሌላው ይበልጥ ተበልቷል ማለት ነው። ሰንሰለቱ ወደዚያ ያጋድላል፣ ቆረጣውም ይከተለዋል። ሞርሳ (ብረት ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አስሬ፣ በስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እያየሁ፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ በጠፍጣፋ ሞረድ ሞረድኳቸው። እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። በጎን የወጣውንም ስለታም ብረት አነሳሁ፤ እጅ ይቆርጣልና ጓንት አድርጉ። ቦዩ ተበልቶ የሰንሰለቱ የታች ጥርስ ወለሉን የሚነካ ከሆነ ግን ሞረድ አያድነውም፤ ባሩን መቀየር ነው።

ስገጥመው ገለበጥኩት፤ የላዩ ወደ ታች ዞረ። ሞተሩን አስነስቼ ጫፉን ወደ ካርቶን ሳስጠጋ ቀጭን የዘይት መስመር ታየ። ያንኑ ግንድ እስከ ታች ቀጥ አድርጎ ቆረጠው።