በዘጌ ደን ጉንዳኖች ለሙቀት የሚሰጡትን ምላሽ እንዴት መከታተል ይቻላል

ጉንዳን የሰውነቱን ሙቀት እንደኛ ማስተካከል አይችልም። መሬቱ ሲግል አብሮ ይግላል። ስለዚህ ደን ሲሞቅ ቶሎ ከሚነካቸው ፍጥረታት አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሃርቫርድና በዱክ ደኖች ተመራማሪዎች ጣሪያ የሌላቸው ክፍሎች ሠርተው አየሩን ከአካባቢው ሙቀት እስከ 5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አስበልጠው አሙቀውት ነበር። ሙቀት የሚችሉት ዝርያዎች ጎጇቸውን ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ።

እኛ ማሞቂያ አያስፈልገንም። ዘጌ ላይ የቡናው ጥላና ፀሐይ የሚያርፍበት ገላጣ ቦታ ጎን ለጎን ናቸው።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ደኑ የገዳማቱና የነዋሪው ነው፤ ሳያስፈቅዱ መግባት ነውር ነው።

ከዚያ ሁለት ቦታ ምረጡ፤ አንዱ ጥላ ውስጥ፣ አንዱ ገላጣው ላይ። በሁለቱም ነጭ ወረቀት አንጥፉና በስኳር ውሃ የራሰ ጥጥ አስቀምጡበት። የስኳር ውሃውን በክዳን ውስጥ አድርጋችሁ አታቅርቡ፣ ጉንዳኖቹ ይሰምጣሉ።

አሁን ዋናው ሥራ ሙቀቱን መለካት ነው። ቴርሞሜትሩን በቁመታችሁ ልክ አትያዙት። ጉንዳን የሚኖረው መሬት ላይ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ የመታው አፈር ከአየሩ በጣም ይግላል። ጫፉን አፈሩ ላይ አሳርፉ፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው በባርኔጣ ከልሉት።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት እና ማታ 11 ሰዓት ላይ ለካችሁ ጻፉ። በሦስቱም ሰዓቶች ጥጡን አድሱ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ፎቶ አንሱ። ቆጠራው ከፎቶው ላይ ይቀላል።

ጎንበስ ብላችሁም እዩ። መሬቱ ሲግል አንዳንድ ጉንዳኖች ይፈጥናሉ፤ ሳር ላይ ወጥተው የሚቀዘቅዙም አሉ። ብዙዎቹ ግን ሥራቸውን ወደ ጠዋትና ወደ ማታ ያዞራሉ። ገላጣው ላይ ቀን 6 ሰዓት ጥጡ ባዶ ሆኖ ጥላው ውስጥ ከተወረረ፣ ዛፉ ለእነሱ ምን እንደሆነ በዓይናችሁ አያችሁ ማለት ነው። ይሄ እኔን ሁሌም ያስደንቀኛል።

ገብረ ጉንዳን ሰልፍ ይዞ ከመጣ ቦታውን ልቀቁለት። ንክሻው ቀላል አይደለም።

የአንድ ቀን ውጤት የዕለቱን አየር እንጂ የአየር ንብረት ለውጥን አያሳይም። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታና ሰዓት ድገሙት። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ስለሚበረታ ይመረጣሉ። ዝናብ ዘንቦ ከነበረም ጻፉ፤ እርጥብ አፈር ልኬቱን ይለውጠዋል። ዛፍ ከተቆረጠ ደግሞ የግድ መዝግቡ፤ አለዚያ ያየነውን ለውጥ ያመጣው የአየሩ መሞቅ ይሁን የጥላው መጥፋት መለየት አንችልም።