በአንድ ድልድይ ላይ ሁለት ሰዓት፦ የአውሮፓ ከተሞችን በፎቶግራፍና በማስታወሻ መያዝ

ከመጀመሪያው የአውሮፓ ጉዞዬ ስመለስ በአሥራ አንድ ቀን ስድስት ከተሞችን አዳርሼ፣ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ፎቶግራፎች ይዤ ነበር። ከወራት በኋላ ፋይሎቹን ስከፍት የቪየና የመሰለኝ አደባባይ የቡዳፔስት ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኞቹም ከፖስታ ካርድ ላይ የተቀዱ ይመስል የእኔ መሆናቸውን የሚናገር ምልክት አልነበራቸውም። ካሜራዬ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሟል፤ የቸኮልሁት እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ከተማ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ መርጬ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየትን፣ ስላነሣሁትም ፎቶግራፍ በዚያው ዕለት ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍን ልማድ አድርጌያለሁ። ከዚህ በታች የምገልጸው ይህ ልማድ በተግባር እንዴት እንደሚከናወን ነው።

የጉዞው ዕቅድ ከብርሃን ቢጀመር ይሻላል። አብዛኛው አውሮፓ ከምድር ወገብ በጣም የራቀ በመሆኑ የቀኑ ርዝመት ከወር ወር በእጅጉ ይለዋወጣል። በሰኔ አጋማሽ ፓሪስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን 11 ሰዓት ገደማ ላይ ትጠልቃለች፤ ስቶክሆልም ውስጥማ በዚያው ታኅሣሥ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ፀሐይ ቀጥ ብላ ሳይሆን አግድም እየተንሸራተተች ስለምትወርድ፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ወርቃማ ሰዓት የሚሉት ለስላሳ ብርሃንና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰማያዊ ድንግዝግዝታ ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ከሚታየው በላይ ይቆያሉ። በሞቃቶቹ ወራት የሚጓዝ ሰው የንጋቱን ብርሃን ለማግኘት ከሌሊት ሊነሣ ይገባዋል፤ በብርዱ ወራት የሚጓዝ ግን ቁርሱን በልቶ ሊደርስበት ይችላል፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ስለምትውልም እኩለ ቀን ላይ እንኳ ረዥም ጥላ ያገኛል። እኔ ብርዱን እመርጣለሁ፤ ጓንት መልበስ ከሰው ብዛት ጋር ከመጋፋት ይቀላል።

ከዚህ ቀጥሎ ካርታ ዘርግተው ሊያነሡት ያሰቡት ሕንፃ ወደየት እንደሚመለከት ያረጋግጡ። ለምሳሌ በቡዳፔስት የዓሣ አጥማጆች ምሽግ በመባል የሚታወቀው ሰገነት የዳኑብን ወንዝ አሻግሮ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል፤ ስለዚህ ለንጋት የተሠራ ያህል ነው። ከሱ ማዶ ያለው የፓርላማ ሕንፃ ደግሞ የወንዝ በኩል ፊቱን ወደ ምዕራብ ስላዞረ፣ ምሽጉ ካለበት ከቡዳ ዳርቻ ሆነው ሲመለከቱት አመሻሹ ላይ ብርሃን ይለብሳል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሲሆን፣ በተሳሳተ ሰዓት ሄዶ ጥቁር ጥላ ብቻ ይዞ ከመመለስ ያድናል።

አሁን አንዱን ቦታ ቀረብ ብለን እንመልከት። በፕራግ የሚገኘው የቻርልስ ድልድይ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1357 ሲሆን፣ በግራና በቀኙ 30 ሐውልቶችና የሐውልት ስብስቦች ቆመውበታል። ረፋዱ ላይ ከሄዱ ከሐውልቶቹ ይልቅ የሰው ጀርባ ያያሉ። እኔ በአንድ የጥቅምት ማለዳ የደረስሁት ፀሐይ ከመውጣቷ ወደ አርባ ደቂቃ ቀደም ብዬ ነበር። የድልድዩ ፋኖሶች ገና አልጠፉም፤ ከቭልታቫ ወንዝ ላይ ጭጋግ ይነሣል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 800 ላይ አድርጌ፣ ሌንሱን በጣም ከፍቼ፣ ክርኔን በድንጋዩ መከታ ላይ አስደግፌ ጀመርሁ። በዚህ ሰዓት ድልድዩ ሁለት መልክ አለው። ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ አሮጌው ከተማ ፊትዎን ካዞሩ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ስለሚመጣ ሐውልቶቹና የግንቡ ማማ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናሉ፤ የካሜራውን የብርሃን መለኪያ በሰማዩ ላይ አድርገው ቅርጹን እንዲጠቁር ይተዉት። ወደ ምዕራብ ሲዞሩ ደግሞ የመጀመሪያው ጨረር ኮረብታው ላይ ባለው ቤተ መንግሥት ላይ ያርፋል፤ ይህ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ፍሬሙን አስቀድመው አዘጋጅተው ይጠብቁት።

በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ያየኋቸው ሰዎች ከሠላሳ አይበልጡም፤ ከነሱም መካከል በብርድ የሚንቀጠቀጡ ሁለት ሙሽሮች ከነፎቶግራፍ አንሺዎቻቸው ነበሩ። ለመሄድ ስዘጋጅ አንድ ሽማግሌ ብስክሌቱን እየገፋ መጣና እ.ኤ.አ. በ1683 ከቆመው ከቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክ ሐውልት ሥር ቆመ። ጓንቱን አወለቀ። ብዙ እጅ ያሻሸውን፣ ከሌላው ይልቅ ወርቅ መስሎ የሚያበራውን የነሐስ ምስል በጣቱ ነክቶ፣ ጓንቱን መልሶ አጥልቆ ሄደ። ያነሣሁት ከኋላው ነው፤ ፊቱ አይታይም። ከዚያ ጉዞ ያስቀረሁት ምርጡ ፎቶግራፍ ይህ ሲሆን፣ ያገኘሁትም ሊያልቅ ነው ብዬ ካሰብሁት ሰዓት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1838 ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ሉዊ ዳጌር ከፓሪስ መስኮት ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና ሲያነሣ ምስሉ እስኪቀረጽ ብዙ ደቂቃ ፈጅቶበት ነበር። በጎዳናው የሚተላለፉት ሰዎችና ሠረገላዎች ስለተንቀሳቀሱ ሁሉም ጠፉ፤ በጉልህ ተለይቶ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አሳርፎ የቆመ አንድ ሰው ነው። በካሜራ ከተያዙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ይኸው ቆሞ የዘገየው ሰው መሆኑን ሳስብ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ሦስት ፎቶ አንሥቶ የሚሮጠውን ጎብኚ አስታውሳለሁ፤ እኔም እንደዚያ ሮጫለሁ።

የዳጌር ችግር ዛሬ መሣሪያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። በሊዝበን ዳገታማ መንገዶች 28 ቁጥር ትራም ሲያልፍ የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ወደ 1/30 ሰከንድ ዝቅ አድርገው ካሜራውን ከትራሙ ጋር እኩል ካዞሩት፣ ቢጫው ሠረገላ ጠርቶ ከኋላው ያለው ግድግዳ ብቻ ይፈስሳል። ከአሥር ሙከራ አንዱ ከተሳካ ጥሩ ነው። የምሽት ብርሃን ሲያነሡ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ቢያስፈልግም በብዙ ቤተ ክርስቲያኖችና ሙዚየሞች ስለማይፈቀድ፣ ካሜራውን በአጥር ወይም በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ማንሣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ረዣዥም ሕንፃዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የኮሎኝ ካቴድራል ማማዎች ቁመት 157 ሜትር ያህል ነው፤ ከሥሩ ቆመው ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ካደረጉት ማማዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። መፍትሔው መራቅ ነው፦ የራይንን ወንዝ ተሻግረው ከማዶው ዳርቻ ቢያነሡት የባቡር ድልድዩና ካቴድራሉ በአንድ ፍሬም ውስጥ ይገባሉ፤ መስመሮቹም ቀጥ ይላሉ። መራቅ ካልቻሉ ደግሞ ሙሉውን መያዝ ትተው አንድ በር ወይም አንድ የድንጋይ ቅርጽ ይምረጡ። በሮም ፓንቴዮን ውስጥ ችግሩ ሌላ ነው። ጉልላቱ አናቱ ላይ ወደ 9 ሜትር የሚሰፋ ክፍት ዓይን አለው፤ በሱ የሚገባው የፀሐይ ጨረር በሞቃቶቹ ወራት እኩለ ቀን ላይ ወለሉን ሲነካ፣ በብርዱ ወራት ግን ከጉልላቱ ወርዶ ወለል አይደርስም። ካሜራው በጨለማው ተታልሎ ጨረሩን ነጭ ጉድጓድ እንዳያደርገው፣ መለኪያውን በብርሃኑ ክብ ላይ አድርገው ጥላውን በኋላ በኮምፒዩተር ማብራት ይሻላል፤ ለዚህም ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳይቀንስ በሚያስቀምጥበት «ራው» (RAW) በተባለው ፎርማት ማንሣት ይጠቅማል።

ዝናብ ሲጥል ወደ ሆቴል አይመለሱ። የአሮጌ ከተሞች መንገድ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ በመሆኑ ሲረጥብ የሱቆችንና የፋኖሶችን ብርሃን እንደ መስተዋት ይመልሳል። በብርዱ ወራት ትርፍ ባትሪን በውስጥ ኪስ መያዝ ያስፈልጋል፤ ብርድ የባትሪን አቅም ያደክማልና። ከውጭ ወደ ሞቀ ካፌ ሲገቡም ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት አሥረው ይግቡ፤ ጤዛው በሌንሱ ፋንታ በከረጢቱ ላይ ይሆናል።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የኤፌል ማማን ቀን ላይ ማንሣትና ማሳተም ችግር የለውም፤ የምሽቱ የመብራት ንድፍ ግን እንደ ጥበብ ሥራ መብቱ የተጠበቀ ስለሆነ ምስሉን ለንግድ ማዋል ፈቃድ ይጠይቃል። በቫቲካን ሲስቲን ጸሎት ቤትና በአምስተርዳም የአና ፍራንክ ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። በጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ በቆየ ሕግ፣ አንድ ሰው ጎልቶ የታየበትን ምስል ለማሳተም በመርሕ ደረጃ የሰውየው ፈቃድ ያስፈልጋል። ቋንቋ ባይግባቡም ካሜራውን ከፍ አድርጎ በዓይን መጠየቅ ይቻላል፤ አብዛኛው ሰው በጭንቅላቱ ንቅናቄ ይመልሳል። እምቢ ካለ አመስግነው ይለፉ። የማያውቋቸውን ልጆች አለማንሣት ደግሞ ሕግ ቢፈቅድም ባይፈቅድም የምጠብቀው ደንቤ ነው።

ሕግ የማይከለክለው፣ ነገር ግን እጅ የሚያስርም ቦታ አለ። ለተገደሉት የአውሮፓ አይሁዶች መታሰቢያ እንዲሆን በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ስፍራ 2,711 የኮንክሪት ብሎኮች አሉት። መጀመሪያ የሄድሁ ዕለት በመስመሮቹ ማማር ተስቤ ብዙ አነሣሁ። ከጫፉ ዝቅተኛ ከሆኑት ብሎኮች ጀምሬ ወደ መካከል ስገባ መሬቱ እየወረደ፣ ብሎኮቹ ከራሴ በላይ እየሆኑ፣ የከተማው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከኔ ፊት አንዲት ሴት እጇን ኮንክሪቱ ላይ ዘርግታ ቆማ ነበር። ካሜራውን አወረድሁ። ስለዚያ ስፍራ ዛሬ ያለኝ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ነው፤ ከፎቶግራፎቹ አንዱንም አላተምሁም።

ማስታወሻው እንዴት ይያዝ? ቀለል ያለ ነገር ይበቃል፤ ኪስ የሚገባ ደብተርና እርሳስ። ማታ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ለዕለቱ ሦስት ፎቶግራፎች ብቻ ይጻፉ፤ የሚጽፉትም ምስሉ የማያሳየውን ይሁን፦ ምን ይሸት ነበር? ምን ድምፅ ይሰማ ነበር? ለምን እዚያ ቆሙ? «ውብ ድልድይ፣ አስደናቂ እይታ» ብሎ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው። እኔ በፕራግ የጻፍሁት «ጓንቱን አውልቆ ነካው» የሚል ነበር። ያለዚህ ቃል ፎቶግራፉ የአንድ ሽማግሌ ጀርባ ነው።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ሊንዳ ሄንክል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናታቸው፣ ሙዚየም የጎበኙ ተሳታፊዎች ፎቶ ያነሧቸውን ዕቃዎች ዝም ብለው ካዩአቸው ይልቅ አሳንሰው እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል፤ ከዕቃው አንዱን ክፍል አቅርበው ሲያነሡ ግን ትውስታቸው አልተጎዳም። ከዚህ የወሰድሁት ተግባራዊ ትምህርት ሁለት ነው፦ አዲስ ቦታ ስደርስ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ካሜራውን ከቦርሳ አላወጣም፤ ካወጣሁም በኋላ ከሰፊው እይታ ቀጥሎ ቢያንስ አንድ ዝርዝር ፈልጌ እቀርባለሁ።

ማታ ሌላም ሥራ አለ፤ የቀኑን ፋይል ሁለት ቦታ መገልበጥ። ቪየና ውስጥ እንቅልፍ እያዳፋኝ ያልተገለበጠ ሜሞሪ ካርድ ፎርማት አድርጌ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ አጥፍቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የተገለበጠውን ካርድ በማኅደሩ ውስጥ ፊቱን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ወደ ቤት ሳልደርስም አንድም ካርድ አልደመስስም።

ምርጫውን ለመጀመር ከተመለሱ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይታገሡ። ገና ትኩስ እያሉ ሲያዩአቸው ለማግኘት የደከሙበት ፎቶግራፍ ሁሉ ጥሩ ይመስላል፤ ጥቂት ሲቆይ ድካሙ ይረሳና ምስሉ ብቻውን ይቀርባል። ከእያንዳንዱ ከተማ ሃያ ያህል ይምረጡ፣ ከነሱም አምስቱን በወረቀት ያሳትሙ። ወረቀቱ እርሳስ የሚቀበል ከሆነ ጀርባው ላይ ሳይጫኑ በለስላሳ እርሳስ ቀኑን፣ ቦታውንና ከማስታወሻው የወጣውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊተኛው ገጽ ሊሰርግ ወይም በላዩ በተደረበው ፎቶግራፍ ላይ ሊታተም ይችላል። ጀርባው የሚያዳልጥ የፕላስቲክ ሽፋን ካለው በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከፎቶግራፉ ጋር በአንድ ፖስታ ያኑሩት።