የጣናን ምሽት በቅርጽ ብቻ እንዴት እንሥላለን?

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ቁጭ ብላችሁ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ተመልከቱ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉት። ቅጠሉ፣ ወፉ፣ ጀልባው ይደበዝዝና ሦስት አራት ትልልቅ የብርሃንና የጥላ ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ። የምትሥሉት እነሱን ነው።

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ደብተር ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ስድስት ሳጥኖች አስምሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ያያችሁትን በእርሳስ፣ በነጭ፣ በግራጫና በጥቁር ብቻ ንደፉ። ውሃና ሰማይ የሚገናኙበትን መስመር መሐል ላይ አታድርጉት። ከፍ ስታደርጉት ሥዕሉ የውሃው ይሆናል፤ ዝቅ ስታደርጉት የሰማዩ።

ዘጌን እንደ ቀጭን ጥቁር አግዳሚ፣ ፊቱ ሽቅብ የሾለውን የደንገል ታንኳ እንደ ሦስት ማዕዘን ውሰዱት። ውሃው ላይ የሚወርደው የፀሐይ ነጸብራቅ ከሁሉም ይበልጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ወጥ ዓምድ አይደለም፤ የተቆራረጠ ነው። ከአድማሱ አጠገብ ቁርጥራጮቹ ቀጫጭንና የተጠጋጉ ናቸው፤ ወደ እናንተ ሲቀርቡ ይሰፋሉ፣ ይራራቃሉ። ይህን ከጠበቃችሁ በአራት ማዕዘን ብቻ የተሠራ ውሃ እንኳ የተንጣለለ ይመስላል።

ሠዓሊው ጳውል ክሌ በ1914 እ.ኤ.አ. ቱኒዚያ ሄዶ ያየውን ብርሃን በውሃ ቀለም ካሬዎች ሲሠራ ብዙዎቹን ቀለሞች ለስላሳ አድርጎ ነበር የተወው። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ምሽቱን በብርቱካናማ እየሞላሁ ለምን እንደማያበራ ይገርመኝ ነበር። ብርሃን የሚያበራው ጎኑ ያለው ሲደበዝዝ ነው። ብርቱካናማው ላይ ጥቂት ሰማያዊ ጨምሩበት፤ ክረምት ላይ ወንዞች አፈር ሲያስገቡበት ጣና የሚይዘውን ቡናማ ታገኛላችሁ። ሰፊውን ቦታ በዚያ ሸፍኑት። ንጹሑን ቢጫ ለአንዲት ትንሽ ቁራጭ ብቻ አስቀሩት።

አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም) ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሞክሩት። ጠርዙ ቀጥ እንዲል ሸራው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ የፕላስተሩን ጠርዝ ከሥር ባለው ቀለም አንዴ ቀቡት፣ አዲሱ ቀለም ሾልኮ አይገባም። ፕላስተሩን ቀለሙ እርጥብ እያለ ላጡት።

በመጨረሻ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አቁማችሁ ሦስት ሜትር ራቁና እንደገና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። ዘጌና ውሃው ከተቀላቀሉባችሁ ዘጌን አንድ ደረጃ አጥቁሩት።