ስልክ ላይ ያማረው ቪዲዮ ቲቪ ላይ ለምን አመድ መሰለ?

የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ እኔ ነበርኩ፤ በስልኬ። እዚያው ሆኜ ሳየው ልዩ ነበር። ሻማው፣ የጥበቡ ጥለት፣ ሁሉም ይንቦገቦጋል። በሳምንቱ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ፋይሉን በፍላሽ ቲቪው ላይ ሰካሁት። የሙሽሪት ነጭ ቀሚስ ግራጫ ሆነ። የሰዉ ፊት አመድ የተነፋበት መሰለ። አክስቴ ዞር ብላ «አንተ፣ ይሄ ስልክህ ተበላሽቷል እንዴ?» አለችኝ።

አልተበላሸም። ቪዲዮው የተቀረጸው በኤችዲአር ነው፤ ማለትም ከተለመደው የሰፋ ብርሃንና ቀለም በሚይዝ አቀራረጽ። ቲቪው ደግሞ ኤችዲአር አያውቅም። እንዲህ ሲገጥምህ ፋይሉን ለመነካካት አትቸኩል። መጀመሪያ ሌላ ስክሪን ላይ ክፈተው። አንዱ ላይ ካማረ ፋይሉ ደህና ነው።

ሁሉም ነገር ግራጫና ፈዛዛ ሆነ

የድሮው ቪዲዮ፣ ኤስዲአር የሚባለው፣ የሚዘጋጀው ነጩ 100 ኒት አካባቢ እንዲሆን ታስቦ ነው። ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው። ኤችዲአር10 የተባለው የኤችዲአር ዓይነት የሚጠቀምበት ፒኪው የተባለው ስሌት ግን እስከ 10,000 ኒት ድረስ ቦታ ይዟል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ትርጉማቸው ሌላ ነው። ይህን የማያውቅ ቲቪ በለመደው መንገድ ያነባቸዋል። ነጩ ይወርዳል፣ ጥላው ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀለሙ ይሞታል። ቢቢሲ እና የጃፓኑ ኤንኤችኬ የሠሩት ሌላው የኤችዲአር ዓይነት፣ ኤችኤልጂ፣ የድሮ ቲቪም እንዲችለው ታስቦ ስለተሠራ ጉዳቱ ቀለል ይላል። ቀለሙ መገርጣቱ ግን አይቀርም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኮንትራስትና ሳቹሬሽን እየጨመረ ይታገላል። እኔም ታግያለሁ። ፊቱ ብርቱካን ሆኖ ቀረ። የሚያዋጣው ለድሮ ስክሪን የሚሆን የኤስዲአር ቅጂ ማውጣት ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ከለር ስፔስ ትራንስፎርም የሚለውን ጨምርበት። መግቢያውን ሬክ 2020 (ሰፊው የቀለም ክልል) አድርገህ ፋይሉ በተቀረጸበት መሠረት ፒኪው ወይም ኤችኤልጂ ምረጥ። መውጫው ሬክ 709 (የድሮው ቲቪ የቀለም ክልል)፣ ጋማ 2.4 ይሁን። ቶን ማፒንጉን ማብራት አትርሳ፤ ሰፊውን ብርሃን ወደ ጠባቡ የሚያጥፈው እሱ ነው።

ከመነሻው ለድሮ ቲቪ ነው የምቀርጸው ካልክ ደግሞ ኤችዲአሩን ቀድመህ አጥፋው። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ሪከርድ ቪዲዮ ውስጥ ገብተህ ታገኘዋለህ።

ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ሰክተህ ኤችዲአር አልበራ ካለህ ችግሩ ቲቪው ላይ የተዘጋ ሴቲንግ ሊሆን ይችላል። ሳምሰንግ ኢንፑት ሲግናል ፕላስ፣ ኤልጂ ኤችዲኤምአይ ዲፕ ከለር ይለዋል። ሶኒ ላይ የሲግናል ፎርማቱን ኢንሃንስድ አድርገው።

ካርቶኑ ኤችዲአር ይላል፣ ምስሉ ግን ጨለመ

ካርቶን ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ «ሲግናሉን እቀበላለሁ» ማለት ብቻ ነው። ፋይሉ አንዷን ነጥብ 1,000 ኒት በላት ይላል፤ ርካሹ ቲቪ ያለው 300 አካባቢ ነው። ምን ያድርግ? ወይ ከአቅሙ በላይ ያለውን ይቆርጣል፣ ወይ ሁሉንም አብሮ ወደ ታች ይገፋል። የሰው ፊት የሚጨልመው ሁለተኛውን ሲመርጥ ነው። ኃይል ቆጣቢውንና የክፍሉን ብርሃን የሚለካውን ሴንሰር አጥፋ። ዳይናሚክ ቶን ማፒንግ የሚል ካለ አብራው። ያም ካልሠራ፣ ደካማ ቲቪ ላይ ጥሩ ኤስዲአር ከመጥፎ ኤችዲአር ይሻላል። አለቀ።

ነጠላው ነጭ ሰሌዳ ሆነ

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ጠዋት ፀሐይ ላይ የተነሳ የነጠላ ፎቶ አስብ። ጥለቱ ይታያል። ሸማው ላይ ግን የክሩ መስመርም እጥፋቱም የለም፤ ወረቀት የተለጠፈ ይመስላል። መንስኤው ሁለት ሊሆን ይችላል፤ መለየትም ይቻላል። ፎቶውን ኤዲት ማድረጊያ ላይ ክፈትና ሃይላይቱን እስከ ታች ሳበው። የክሩ መስመር ብቅ ካለ መረጃው አለ፣ የቆረጠው ስክሪኑ ነው። ወጥ ግራጫ ብቻ ከሆነ ግን ሲነሳ ነው የጠፋው፤ መድኃኒት የለውም። በሚቀጥለው ጊዜ ስታነሳ ብርሃኑን በነጠላው ለካና ትንሽ አጨልመው።

መረጃው ካለ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ኤችዲአር ኤዲት ስታደርግ ለኤስዲአር ስክሪን የሚሆነውን ማሳያ አብራ። የራሱ ማስተካከያዎች አሉት። እዚያ ነጠላውን ዝቅ፣ ፊቱን ከፍ አድርገህ ራስህ ወስን። ካልወሰንክ እያንዳንዱ ስክሪን በራሱ ይወስንልሃል። አንድ ነገር ልብ በል፦ የላፕቶፕህን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍተህ አትሥራ። ተራው ነጭ ጫፍ ላይ ከደረሰ ለኤችዲአሩ የሚተርፍ ቦታ ያንሳል፤ የምታየውም ያታልልሃል።

በቴሌግራም ስልከው ብርሃኑ ጠፋ

የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ኤችዲአር ፎቶ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ተደራርቦበት ነው፦ ተራው ፎቶ፣ እና የቱ ቦታ ምን ያህል ይድመቅ የሚል ትንሽ ካርታ። በ2023 ከአንድሮይድ 14 ጋር የመጣው አልትራ ኤችዲአር እንዲህ ነው የሚሠራው። ፎቶው ታምቆ ሲላክ ካርታው ሊጣል ይችላል፤ ተራው ፎቶ ብቻ ይደርሳል። እንደ ፋይል ላከው። ተቀባዩ ስልክ ካርታውን ካላወቀ ግን ምንም ብታደርግ ለውጥ የለም፤ እሱ የሚያየው ተራውን ነው።

ዊንዶውስ ላይ ኤችዲአር ሳበራ ዴስክቶፑ ገረጣ

የዲስፕሌይ ሴቲንግ፣ ኤችዲአር ውስጥ የኤስዲአር ብርሃን ማስተካከያ አለ፤ እሱን አንቀሳቅስ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ኤችዲአር ካሊብሬሽን የሚባለውን አፕ ጫን። ለጊዜው ማጥፋት ከፈለግህ የዊንዶውስ ቁልፉን፣ አልት እና ቢን አንድ ላይ ተጫን።

ለአልበም ማተሚያ ቤት ስትልክ ደግሞ ኤችዲአሩን አትላክ። ወረቀት በራሱ አያበራም። የላይትሩሙን የኤስዲአር ቅጂ ጄፔግ አድርገህ አውጣ፤ አንድ ገጽ አሳትመህ ነጠላውን መስኮት አጠገብ ካየህ በኋላ ቀሪውን ላክ።